ለአማት የተለካ ሸራ

አማት ያለው ሰው ሁሉ የሚያወራው አያጣም። የእኔ አማት ግን ጀልባም አላቸው፤ ስለዚህ ወሬዬ ከሌላው ሰው ረዘም ቢል አትፍረዱብኝ።

ቀልዴን አይደለም። የባለቤቴ የጽጌ አባት፣ ጋሽ በላቸው፣ የሚኖሩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው። እዚያ ውሃ የሚባል ነገር ለማየት ቧንቧ የሚመጣበትን ቀን መጠበቅ ግድ ይላል። ጀልባቸው ግን ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር አለች። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕረኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከሁለት የድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ ገዟት። ትንሽ ናት፤ ቢሆንም ሁለት ሰው የምታስተኛ ጎጆ አላት፣ ምሰሶ አላት፣ ሸራ አላት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ይሳፈሩና ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጡ ይውላሉ። ሲወርዱ ዓለምን ዞረው የመጡ ይመስል ይጨባበጣሉ።

አማቴና እኔ አንነጋገርም። ተጣልተን አይደለም። ነገሩ የተበላሸው ሽማግሌ የላክሁ ቀን ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔን ማመስገናቸው ነው፣ «ልጁ እንደ ረጋ ውሃ ነው» አሉ። ጋሽ በላቸው ትንሽ አሰቡና «በረጋ ውሃ ላይ ጀልባ አይሄድም» ብለው መለሱ። ልጃቸውን ሰጡኝ፤ ቃላቸውን ግን ነፈጉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ግቢ እየኖርን፣ አንድ ገበታ እየቀረብን፣ ለእኔ የሚሉት ነገር ሲኖራቸው የሚናገሩት ለጽጌ ነው። «ጨው ያቀብለኝ በይው» ይላሉ። ጨው ያለው በእኔ እጅ አጠገብ፣ እኔ ያለሁት በእሳቸው እጅ አጠገብ ነው። ጽጌ «ጨው አቀብላቸው» ትለኛለች፤ አቀብላለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ በይው» ይላሉ። «እግዜር ይስጥልኝ ብለውሃል» ትለኛለች። ለመድነው። እንዲያውም በቀጥታ የሚያናግረኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ግራ እስከ መጋባት ደርሻለሁ።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ ጋሽ በላቸው እንደ ልማዳቸው ሱባኤ ሊይዙ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት የጀልባዋን ሸራ ከነከረጢቱ ከአልጋቸው ሥር ጎትተው አወጡና እኛ ክፍል ደፍ ላይ አስቀመጡት። «ጽጌ፣ እስክመለስ ከአይጥ ይጠብቅልኝ በይው» አሉ። ዘጠኝ ዓመት ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው። አደራ! ሽማግሌው ለእኔ አደራ ሰጡ! ከረጢቱን አቅፌ ወደ ውስጥ ሳስገባ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ አልዋሻችሁም። ከአይጥስ ጠበቅኩት። ከራሴ መጠበቅ እንዳለብኝ ግን የነገረኝ የለም።

በሱባኤው ሰባተኛ ቀን የሥላሴ ማኅበር ተራ የእኔ ነበር። ቤታችን ሃያ ሰው አይችልም፤ ግቢው ይችላል። ግን ነሐሴ ነውና ሰማዩ አይታመንም። የእድሩን ድንኳን ልለምን ብሄድ ለቅሶ ቤት ተተክሏል። ሐዘን ከደስታ ይቀድማል፤ ይሄ ክርክር የለውም። ባዶ እጄን ስመለስ ዓይኔ ከረጢቱ ላይ አረፈ። ሸራ ነው። ውሃ አይፈራም፤ እንዲያውም ከውሃ ጋር መዋል ሥራው ነው። አወጣሁና ከጣሪያው ክፈፍ እስከ ኮክ ዛፉ ወጠርኩት። ነጭ፣ ሰፊ፣ ሦስት ማዕዘን! ማኅበርተኛው እየገባ «ይሄን የመሰለ ዳስ ከየት አመጣኸው?» ሲለኝ «አለ እንግዲህ» እያልኩ ጢሜን እዳስስ ነበር። ጢም የለኝም።

ዝናቡ የመጣው ጸሎቱ አልቆ መብሉ ሲቀርብ ነው። የጀልባ ሸራ፣ በኋላ እንደተማርኩት፣ እንደ አንሶላ ዝርግ አይደለም፤ ነፋስ እንዲይዝ ሆድ ተደርጎለት ነው የሚሰፋው። ነፋስ የሚይዝ ሆድ ዝናብም ይይዛል። መሃሉ ውሃ እያቆረ፣ ቁልቁል እያዘቀዘቀ መጥቶ፣ ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ከሥሩ ካስቀመጥኩት የከሰል ምድጃ ጋር ተገናኘ። ሽታውን መጀመሪያ ያወቁት ቄሱ ናቸው። «ልጄ፣ ፌስታል ይቃጠላል» አሉኝ። ፌስታል አልነበረም። ቀና ስል ሸራው ተኮማትሮ አፉን ከፍቷል፤ ያቆረው ውሃ ሁሉ በተከፈተው አፍ ተንዶ የሽሮው ድስት ውስጥ ገባ። ማኅበርተኛው ጨዋ ነው፤ «ቀጠን ያለ ሽሮ ለጤና ይሻላል» እያለ በላ።

ሰው ሲሄድ ጽጌ ቀዳዳውን አየች። እጇን አስገባች። ቀጥሎ ጭንቅላቷን አስገባችና በወዲያኛው በኩል ብቅ ብላ አየችኝ። «አባዬ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ይመለሳል» አለች፤ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። ልጃቸው ስለሆነች መሳቅ ትችላለች። እኔ ግን ከልቤ ፈራሁ። ሸራ ከሌለ መስከረም ላይ ጀልባዋ አትንቀሳቀስም፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ስንት መስከረም እንደቀራቸው እግዜር ነው የሚያውቀው። በዚያ ላይ የመጀመሪያ አደራዬ ነበር፤ በዚህ አያያዜ የመጨረሻዬም ሊሆን ነው። ስለዚህ ቆረጥኩ። አማቴ ከእንጦጦ ሳይወርዱ ቁርጥ ያንኑ የመሰለ ሸራ አሰፍቼ ከረጢቱ ውስጥ እከታለሁ፤ የሚያውቅብኝ የለም።

አዲስ አበባ ላይ የጀልባ ሸራ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ስልኬ ነው። አንድ ፀሐይ ያቀላው ፈረንጅ በቪዲዮ የሸራ አመራረጥ ያስተምራል። ተረጋግቶ ነው የሚያስተምረው፤ አማት የለውም መሰለኝ። «አዲስ ሸራ ስታሰፉ አሮጌውን አትለኩ፤ አሮጌ ሸራ ይለጠጣል። ምሰሶውን ለኩ» ይላል። ምሰሶው ያለው ቢሾፍቱ፣ እኔ ያለሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፤ ይሄን ምክር ዘለልኩት። «ጨርቁን እንደምትሄዱበት ባሕር ምረጡ» ይላል። ይሄንንም ዘለልኩት። «ከሁሉ በላይ ግን በጭራሽ እንዳታደርጉ የምላችሁ ነገር...» ሲል የኢንተርኔት ጥቅሌ አለቀ።

በማግስቱ ሾላ ገበያ ጀርባ ድንኳን የሚሰፉ ጋሽ ቶላ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ቶላ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራበት እዚያው ገበሬ ነበሩ፤ ከእርሻውም ጎን ለጎን ይሰፉ ነበር። አሁን በእኛ ክፍለ ከተማ ካሉ የእድር ድንኳኖች ግማሹ ከእሳቸው የስፌት መኪና የወጣ ነው። አሮጌውን ሸራ መሬት ላይ ዘረጋሁላቸው። አንድ ጊዜ ዞሩት።

«ስንት ሰው ይይዛል ይሄ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ሰው?» ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «የሞተው ሰው የተጠላ ነው እንዴ?»

የጀልባ መሆኑን አስረዳሁ። አልደነቃቸውም፤ አርባ ዓመት የሰፋ ሰው ብዙ አይደንቀውም። ወዲያው ምርጫ ውስጥ ገባን። የጭነት መኪና ሸራ አቀረቡልኝ፤ ክብደቱን ልየው ብዬ ባነሳው ወገቤ ተንቋቋ። አቡጀዲ አወጡልኝ፤ እሱ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ከጭነቱ ሸራ ይብሳል። በመጨረሻ ከአንድ የተሰረዘ ሠርግ የተረፈ ነጭ የድንኳን ጨርቅ ጎተቱ። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያስገባም። «ይሄ ለአማት ይሆናል» አሉ። ጫፍ ጫፉ ላይ ወርቃማ ዘርፍ ላድርግለት አሉኝ፤ አይሆንም አልኩ። መስኮትስ? አይሆንም። የእድሩ ስም በቀይ ቀለም? «ጋሽ ቶላ፣ እድር አይደለም» አልኳቸው። «ስም የሌለው ዕቃ ይጠፋል» ብለው አዘኑልኝ።

ሆዱ ላይ ግን አልተስማማንም። «አሮጌው ሆድ አለው፤ አዲሱም ይኑረው» ብላቸው መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ስማ ልጄ። ሆድ ያለው ድንኳን ውሃ ያቁራል። ያቆረ ድንኳን ለቀስተኛ ላይ ይደፋል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስሜን አላጠፋም።»

ሽሮው ትዝ አለኝና ክርክሩን ተውኩ።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ፤ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው። አሮጌው በሜትር ሲለካ ቁመቱ ሰባት፣ የግርጌው ስፋት ሦስት ሆነ። ሰባት በሦስት ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ጽፌ አየሁት፤ አፈርኩ። እናንተስ ብትሆኑ? ለአማት ጋቢ ሲገዛ መሬት የሚጠርገው ይመረጣል እንጂ ትከሻቸው ይለካል? ከቁመቱም ከስፋቱም ላይ ግማሽ ግማሽ ሜትር ጨመርኩ። ማታ ቤት ወረቀቱን ለጽጌ አሳየኋት። «አዲስ ጨርቅ ሲታጠብ ያጥራል» ብላ እሷም ግማሽ ግማሽ ጨመረች። ስምንት በአራት። ጋሽ ቶላ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና «ለአማቴ ነው አላልከኝም?» አሉ።

«ነው።»

«ታዲያ ሰው አማቱን እየቆጠበ ያከብራል?»

ከራሳቸው አንድ አንድ ሜትር መረቁበት። ዘጠኝ በአምስት። የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ነገሩ በእጁ ያለፈ ሁሉ «ኧረ ይጨመር» ይላል፣ «ይቀነስ» ብሎ ስስታም የሚባል ሞኝ የለም። ተሰፍቶ ሲያልቅ ከአሮጌው እጥፍ የሚበልጥ፣ ክሩ ሳይቀር በይሉኝታ የተገመደ ሸራ ወጣው።

ጋሽ ቶላ ተክለው ሳይፈትሹ ያስረከቡት ድንኳን የለም። «ይሄንንም ነፋስ ላይ ሳላየው አልሰጥህም» አሉ። በእኛ በኩል ነፋስ ያለው እንጦጦ ነው። እንጦጦ ላይ ማን እንዳለ ረሳህ እንዴ ትሉኝ ይሆናል። አልረሳሁም፤ አስልቻለሁ። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚያልቀው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ እኛ በስድስት ሰዓት ደርሰን በሰባት እንወርዳለን። ቦታውንም ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ያለ፣ ከጫካው በላይ ያለ ሜዳ መረጥኩ።

ጥቅሉን ይዘን ታክሲ ገባን። ረዥም፣ በነጭ የተጠቀለለ ነገር በሁለታችን ጉልበት ላይ አጋድመን፣ ሁለታችንም ተጨንቀን ፊታችንን ጥለናል። ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ከፊት የተቀመጡ ሴትዮ ዞረው አዩን፣ ጥቅሉን አዩ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። ላስረዳ ስል ጋሽ ቶላ ከለቅሶ ቤት ልማዳቸው የተነሳ «አሜን፣ እናንተንም ያቆይልን» ብለው ነገሩን ዘጉት። እስክንወርድ ድረስ አንድም ሰው ድምፅ አላሰማም፤ ስንወርድ ጥቅሉን ያወረዱልን አራት ሰዎች ናቸው።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆነ። አንድ ረዥም ባሕር ዛፍ መርጠን ገመዱን ቅርንጫፉ ላይ ልንወረውር ስንል የደን ጥበቃ መጣ።

«ምንድነው እሱ? ፈቃድ አላችሁ?»

«ሸራ ነው» አልኩት።

«የምን ሸራ?»

«የጀልባ።»

ጥበቃው ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። «ወንድሜ፣ ሰው ቦታ ሊይዝ ሲል መጀመሪያ ሸራ ይወጥራል። በማግስቱ ቆርቆሮ ይመጣል። ይቺን እኔ አውቃታለሁ» አለ። ጋሽ ቶላ በአማርኛ ለመኑት፤ እምቢ አለ። አነጋገሩን አዳምጠው በኦሮምኛ ቀጠሉ። የማን ልጅ ነህ፣ የእነማን ወገን ነህ ሲባባሉ በእናት በኩል ዘመድ ሆነው ተገኙ፤ ይሄ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በመጨረሻ ጥበቃው መፍቀድ ብቻ ሳይሆን ገመድ ሊስብልን ካፖርቱን አወለቀ።

ሰቀልነው። ምን ልበላችሁ! ሰማዩን ሸፈነው። በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ነጠላ ያጣፉ እናቶች ጄሪካናቸውን ይዘው መጡና «እዚህም ጸበል ፈለቀ እንዴ?» አሉ። «ኧረ አልፈለቀም፣ እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ሰልፉ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። አንዷ ለማንኛውም ብለው ከጥበቃው ኋላ ተሰለፉ።

ዝናብ ሊመጣ ሲል እንጦጦ ላይ ምን ዓይነት ነፋስ እንደሚነሳ የወጣ ያውቃል። የግርጌውን ገመድ የያዝኩት እኔ ነኝ። እንዳያመልጠኝ ብዬ እጄ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜዋለሁ። ፈረንጁ በጭራሽ እንዳታደርጉ ሊል የነበረው ይሄንኑ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ መሃል ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቅዳሴው አልቋል። ወጣትነቱን ባሕር ላይ የጨረሰ ሰው ደግሞ ከዛፍ መሃል ነጭ ሦስት ማዕዘን ብቅ ሲል ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። ዘወር ስል ጋሽ በላቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ከሜዳው ዳር ቆመው፣ ሸራውን ከላይ እስከ ታች ይመለከታሉ። ሰላም ልላቸው አፌን ስከፍት ነፋሱ መጣ። ሸራው ጮኸ፣ ቀጥሎ እኔ ጮኽኩ፣ እግሬ መሬት ለቀቀ።

«ልቀቀው!» አሉ ጋሽ በላቸው።

እንግዲህ አስቡት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አማቴ በቀጥታ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው። ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄ ግን ጽጌ «ልቀቀው ብለውሃል» እስክትለው ይጠብቃል። ጽጌ ያለችው ቤት ነው። «ልቀቀው አልኩህ!» ይላሉ፤ እኔ እየተጎተትኩ ማንን ነው የሚያናግሩት ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ። ደግሞስ እንዴት እለቃለሁ? አንዱን አቃጥያለሁ፤ ሁለተኛውን ለነፋስ ልሰጥ ነው? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ የባሰ ጨበጥኩት። ሜዳውን በሆዴ አቋረጥኩ። ጋሽ ቶላ እግሬን ያዙ፤ ጥበቃው ጋሽ ቶላን ያዘ፤ እናትየዋ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ ብለው ጄሪካናቸውን አንስተው ተከተሉ። ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ሸራው ሁላችንንም እስኪያለብሰን ድረስ አልቆምንም።

ከሸራው ሥር መጀመሪያ የተሰማው የጋሽ ቶላ ድምፅ ነው። «ስፌቱን እዩት! አንድም ቦታ አልተተረተረም!»

አማቴ ሸራውን በምርኩዛቸው ገልጠው አገኙኝ። ሱሪዬ ከጉልበቴ በታች የለም፤ አፌ ሣር ይዟል።

«የእኔ ሸራስ?» አሉ።

የሚያስተላልፍልኝ ሰው የለም። «ተቃጥሏል፣ ጋሼ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማኅበሩን፣ ሽሮውን፣ ልኩን። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሰባት በሦስቱን ለምን ዘጠኝ በአምስት አደረግከው?»

«ለእርስዎ ትንሽ ነገር ይዤ መቅረብ አፈርኩ።»

ሸራውን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት። «ይሄን ሰቅዬ ብወጣ ኖሮ ሐይቁ መሃል ላይ ገልብጦ ይደፋን ነበር። ሦስት ሽማግሌ በይሉኝታ ልትፈጅ ነበር። ሰው ያፍርልሃል፤ ነፋስ አያፍርልህም።»

እውነታቸውን ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በራሴ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ጥፋቴን እደብቃለሁ ብዬ ሰው ልገድል ነበር እኮ።

ጋሽ በላቸው ግን ከጋሽ ቶላ ጠመኔ ተቀብለው ሸራው ላይ ተንበረከኩ። ማስመር ጀመሩ። የጋሽ ቶላ ምርቃት ሄደ፤ የልጃቸው ግማሽ ሜትር ሄደ፤ የእኔ ግማሽ ሄደ። ከዚያ ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ቀነሱና «አሮጌው ተለጥጦ ነበር» አሉ። ሆዱ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ቶላ መቀሳቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አማቴ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን አወለቁና ጫፍና ጫፉን ለጋሽ ቶላና ለጥበቃው አስያዙ። ገትረው ሲይዙት ነፋሱ ተንሸራቶ አለፈ፤ ትንሽ ሲያላሉት ሞልቶ ሁለቱንም ወደ ፊት ሳባቸው። ጋሽ ቶላ እጃቸውን ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይሄ ሥራው ሌላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሆዱን አወጣለታለሁ። ግን ሽሮ ብታበሉበት እኔ የለሁበትም።»

ሸራውን ጠቅልለን ስናበቃ ማካፋት ጀመረ። ጋሽ በላቸው ወደ ማደሪያቸው ሊሄዱ ነጠላቸውን ተከናንበው ነበር፤ ቆም አሉ።

«ከሦስታችን አንዱ ዘንድሮ አይመጣም» አሉ፣ ቁልቁል ከተማውን እያዩ። «ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ትናንት ደውሎ ሲነግረኝ አለቀሰ። ያቺ ጀልባ ደግሞ በሁለት ሽማግሌ አትወጣም።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

«ጥሩ ነው። ዋና የሚችል ሰው ይደፍራል፤ ጀልባ የሚገለብጠው እሱ ነው። አንተ መሃል ላይ ቁጭ ብለህ ትፈራለህ። እኔ ፊትህን እያየሁ ሸራውን እቀንሳለሁ።»

ቤት ስደርስ ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሱሪዬን አየች፣ ክርኔን አየች።

«አባዬ አወቀ?»

«አወቁ።»

«ወይኔ! ምን አለህ?»

«ሥራ ሰጡኝ፤ መስከረም ላይ እጀምራለሁ።»

«አንተን? ጀልባዋ ላይ? ምን ልትሆን?»

«የነፋስ መለኪያ» አልኳት።